በተረከበበት ሁኔታ

ከማራኪ ባጃጅ ማዞሪያ ቁልቁል ሲወርዱ፣
ሰማያዊ ቆርቆሮ በር፣ የኔ ነው አንዱ።
በሩ ሥር አሥራ አንድ ትንንሽ ጫማ፣ አንዱ ያለ ጓዱ።

ልጅ እጠብቃለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ፣
በቃል ነበር የምሠራው፤ ወረቀት ማን አሳየኝ?
«ነገ ላምጣት?» «አምጫት።» ይኸው ነበር ውላችን፣
እግዜርና ጎረቤት ነበሩ ምስክራችን።

ትሁኔ መጣች አንድ ቀን፣ ሪፈራል የምትሠራ ነርስ፣
ልጇ በእምነት ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ በእጇ ሁለት ገጽ።
«ዘቢደር፣ አንብቢው» አለችኝ፣ «ከላይ እስከ ታች ድረስ።
የፊተኛዋ ሰኞ ጧት ጠፍታብኛለች፣
ስልኳን ዘግታ፣ የቤቴን ቁልፍ ይዛ ሄዳለች።
ከእንግዲህ በአፍ አልችልም።» ዓይኗን ሳየው፣
የሁለት ሌሊት ተረኛ ነው።

መነጽሬን አድርጌ ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጥኩ፣
«ውል ሰጪ»፣ «ውል ተቀባይ»፣ የትኛዋ እንደሆንኩ ጠየቅኩ።

አንቀጽ አንድ፦ ከጧቱ አንድ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል።
አንቀጽ ሁለት፦ ክፍያ ወር በገባ በአምስት፣ በቴሌብር ይላካል።
አንቀጽ ሦስት፦ ትኩሳት ያለው ልጅ እቤቱ ይውላል።
(እዚህ ላይ ተከራከርን። ጥርስ ሲያበቅልም ልጅ ይግላል።
ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ላይ ተስማማን፣
እሷ ቴርሞሜትሯን፣ እኔ መዳፌን አምነን።)

አንቀጽ አራት፦ «ውል ተቀባይ በዕለቱ የሆነውን ሁሉ፣
የበላውን፣ የወደቀውን፣ ሳይቀንስ፣ በሙሉ፣
ለእናት ይነግራል።» ምን ገዶኝ? አልኩ በሆዴ፣
ወሬ አቅቶኝ አያውቅም፤ ወሬማ ነው ልማዴ።

አንቀጽ አምስት፦ ለዘገየ ሩብ ሰዓት ሃያ ብር።
(ይህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለኔም አለኝ የሚዘጋ በር።)
አንቀጽ ስድስት፦ ጥር አሥርና አሥራ አንድ ሥራ የለም፤
ታቦታቱ ወደ ቀሃ ሲወርዱ ባጃጅም አያልፍም።

አንቀጽ ሰባት፦ «የተረከበውን፣ በተረከበበት ሁኔታ፣
ከነመስታወቱ ይመልሳል።» ቀና አልኩ ለአንድ አፍታ።
«ከቤት ኪራይ ውሌ ነው የገለበጥኩት» አለች፤
አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።
እኔም ሳቅሁ። ሳንፍቀው ቀረ።
ባለሱቁ ጋሽ ወንዳለ በእማኝነት ፈረመ፤ ሕጉም በቁጥር ሠፈረ፦
«በ1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።»

ማክሰኞ ነበር፣ ከሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
በእምነት የበርጩማዬን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዟል።
ለቀቀ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛዋን ወደ እኔ፣
ቀሚሴ ላይ ወደቀ። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ትሁኔ
ትዝ አለችኝ፤ ያን ሰዓት የሰው ክንድ ይዛ ደም ሥር የምትፈልግ።
ተኝቶ ትተወዋለች፣ ተኝቶ ትወስደዋለች፤ ምን ታድርግ።
እልልታዬን ዋጥኳት።

አሥራ አንድ ተኩል ሞላ። ሩብ ሰዓት አለፈ። መጣች እየሮጠች፣
ገና በሩ ላይ ሃያ ብሯን ዘረጋች።
«ዛሬስ እንዴት ዋለ?» አለች። አንቀጽ አራት።
«ሽሮ በላ። ተኛ። አንዴ ወደቀ» አልኩ፤ ሐሰት የለበት።
ብሩን ተቀበልኩ። ውል ውል ነው፤ ዘይትም ተወዷል።
ያልተናገርኩት ወሬ ግን ሌሊቱን ደረቴ ላይ ሄዷል።

ቅዳሜ ጧት ስልኬ ጮኸ። «ዘቢደር! ሄደ! ሄደልሽ!
ከአልጋው እስከ መስኮቱ! ማንም ሳይዘው! ምነው ባየሽ!»
ለቀቅኳት በስልኩ ውስጥ፣ የማክሰኞዋን እልልታ፣
አራት ቀን ታፍና ውላ አልጎደለችም ጠብታ።

ውሉ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ከክትባት ካርዶች በታች፣
ጥጉ ታኝኳል፣ በእምነት ነው፤ የጋሽ ወንዳለ ፊርማ የለች።
ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤
እንጃ። ይሄኛው ልጅ በርጩማዬን ለቋል።

አንድ መስከረም መዋዕለ ሕፃናት ይገባል፤ ውሉ አይታደስም።
አንቀጽ ሰባትን ያን ቀን ማንም አያነሳውም፣
ካነሱትም ይክሰሱኝ፦
እየዳኸ ተረከብኩት፣
እየሮጠ ነው የሚወስዱት።